የሐጂ ቱሳ ማኅበር ሦስቱ በሮች

ሐጂ ቱሳ ሲቆጡ ከዘራቸው ቀድሟቸው ይሄዳል። የዚያን ቀን ጧትም አሰላ መናኸሪያ በር ላይ ከጎረቤታቸው ልጅ ከፈይሩዛ ጋር ድንገት ሲገናኙ እንደዚያው ነበሩ። ምን ያድርጉ! ለሚመሩት የስንዴ ዘር አባዢዎች ማኅበር ኢንተርኔት የሚያከፋፍለውን ራውተር እንዲያስተካክል ከአዲስ አበባ ያስመጡት ባለሙያ ሁለት ቀን ነካክቶ፣ ነካክቶ፣ «ችግሩ የመብራታችሁ ነው» ብሏቸው ሄደ። አሁን ሌላ ሊያስመጡ እንደሆነ ነገሯት።

«ሐጂ፣ ለምን እኔ አልሞክረውም?» አለች ፈይሩዛ።

«አንቺ? አትቀየሚኝ ልጄ፣ ትናንት እኔ ግቢ ስትቦርቂ ያደግሽ ልጅ ነሽ። የአዲስ አበባውን ሰውዬ ያቃተውን?»

«እሱ የተማረውን ነው የተማርኩት። ያሳደገኝ ሰው ካላመነኝ ማን ያምነኛል? ከኮሌጅ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። እዚህ ሥራ ካጣሁ አገሬን ለቅቄ መሄዴ ነው።»

ይህች ነገር አንጀታቸውን በላችው። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው እንዲሁ እንዳሉ ወጥተው ቀርተዋል።

«በይ እስከ ቀትር፣ እስከ ዙህር ሰላት ሞክሪ» አሉ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ገብታ ዕቃውን አሳየቻቸው። «እነዚህ ኢንተርፌስ ይባላሉ፤ የራውተሩ በሮች ናቸው። አንደኛው ወደ ኢንተርኔቱ ያወጣል። ሁለተኛውን ለጽሕፈት ቤቱ፣ ሦስተኛውን ገበሬዎቹ ለሚቀመጡበት አዳራሽ አደርገዋለሁ። ለየበሩ የራሱን አድራሻ እሰጠዋለሁ።»

«ወይ ጉድ! ከኢተያ ድረስ ለሚመጣ አባል ምን በወጣው ሌላ በር? እንግዳ መለየት እኮ እኛ ዘንድ ነውር ነው! ሁሉንም በአንድ በር አስገቢ።»

«እንግዳ ቤትዎ ሲመጣ ሳሎን ያስቀምጡታል። ጎተራዎ ውስጥስ ይገባል?»

«ጎተራ ገብቶ ምን ሊሠራ!»

«የአባላቱ መዝገብ ያለው ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ነው፤ ጎተራችሁ እሱ ነው። አዳራሹ ሳሎን ነው። እንግዳው ኢንተርኔቱን እንደ ልቡ ይጠቀማል፣ ወደ መዝገቡ ግን እንዳያልፍ እከለክላለሁ። እንግዳም አይከፋ፣ ጎተራም አይደፈር።»

«በይ እንዳልሽ አድርጊ» አሉ ሐጂ፣ ከዘራቸውን አስደግፈው ተቀመጡ።

ፈይሩዛ በላፕቶፗ ስትጽፍ ቆይታ ጨረሰች። የማኅበሩ ጸሐፊ ወይንሸት ኮምፒዩተሯን ሞከረችው። ምንም የለም!

«እንግዲህ መብራቱ ነው በያ!» አሉ ሐጂ፤ ሳያስቡት ደስ አላቸው፤ ወዲያው ደግሞ በደስታቸው አፈሩ።

ፈይሩዛ ወደ ላፕቶፗ ተመለሰች። የጻፈችውን ከላይ ጀምራ መስመር በመስመር አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «መብራቱ አይደለም፣ ሐጂ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «አድራሻ ሰጠኋቸው እንጂ በሮቹን አልከፈትኳቸውም። ይህ ዓይነቱ ዕቃ ክፈት ካላሉት አይከፍትም።»

ለሦስቱም በሮች የመክፈቻውን ትእዛዝ ጻፈች። የራውተሩ አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ብልጭ አሉ። «ኢንተርኔቱ ገባ! ገባ!» ብላ ወይንሸት ጮኸች።

ሐጂ ግን መብራቶቹን አላዩም፤ የሚያዩት ልጅቱን ነበር። እሳቸውን ያሸነፋቸው የሠራው ዕቃ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባው ባለሙያ ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን መብራት ላይ ሲያላክክ ያላገኘውን፣ ይህች በአንድ ረፋድ ራሷን መርምራ አገኘችው። እውነትም፣ አላጠፋሁም የሚል ባለሙያ የሚያርመው ነገር የለውም፤ ትምህርትስ ከዚህ ሌላ ምንድነው?

ወይንሸት የምሥራቹን ለሳጉሬ በስልክ ነግራ ኖሮ፣ ጥቂት ቆይቶ የሐጂ ስልክ ጮኸ። በጎረቤት ከተማ በሳጉሬ ያለው ማኅበር ሊቀ መንበር ኢብሳ ነው።

«ሐጂ፣ የእናንተ ተሠራ አሉ። ባለሙያውን ከየት አስመጣችሁት?»

«ከየትም አላስመጣንም!» ሐጂ ቱሳ ከወንበራቸው ተነሡ። «የአገሬን ሰርዶ በአገሬ በሬ! እዚሁ አሰላ ተወልዳ፣ እዚሁ የተማረች ናት። ሲበላሽብን በአሥር ደቂቃ በባጃጅ ትደርሳለች፤ እንግዳ መጣ ብለን አልጋ አንከራይም፤ የምትሠራውን በቋንቋችን ታስረዳናለች፤ የኛም ልጆች አይተዋት ይማራሉ። ወላሂ፣ ኮራሁ!»

«እንግዲያው ነገ ላኳት።»

«ቆይ እስቲ ኢብሳ! በደብዳቤ ጠይቅ። የማኅበራችን ሠራተኛ ናት፤ የምትመጣው እኛ ስንፈቅድ ነው።»

ፈይሩዛ መቀጠሯን የሰማችው ያኔ ነው።