ከኋላ ወንበር የማይታይ ጥርስ

እንደኔ ጥርስ የታመመ ሰው በዚህ ዘመን ያለ አይመስለኝም። ጩኸቴ ሦስት ሰፈር ቀሰቀሰ ብል ማጋነን አይሆንም፤ ማጋነን ደግሞ አልወድም። እንዲህ ሆኜ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ገባሁ። በሙያው ጥርሳቸውን የነቀሉ አዛውንት መምህር ማደንዘዣ ወጉኝና አፌን በጥጥ ሞሉት። እስኪደነዝዝ ስንጠብቅ ነጭ ጋዋን የለበሰች ተማሪያቸው ገባች።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈተና እንዳልቀመጥ ከልክለውኛል አሉ።»

«ክፍል ያልመጣ አይፈተንም፣ ልጄ።»

«የርስዎ ክፍልና የእናቴ የኩላሊት እጥበት ሰዓት ተጋጨብኝ። ከኔ ሌላ የሚያደርሳት የለም። ግን ወረርሽኙ ትምህርት ቤቱን ባስዘጋ ጊዜ የቀረጹትን ትምህርት ሁሉ፣ ያልገባኝን እየመለስኩ በስልኬ ሰምቻለሁ። ዘንድሮ ካልተፈተንኩ ዓመቱ ይቃጠልብኛል።»

«እናትሽን ይማርልሽ። እኔ ግን የተማሪዬን ዓይን አይቼ ነው የገባውንና ያልገባውን የምለየው። ስልክ ይህን ያውቃል?»

«እውነት ነው» ልል ስል ከአፌ የወጣው የጥጃ ድምፅ ነበር። ስንቱን ጉባኤ በንግግር ያንበረከክሁ ሰው፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አድማጭ ሆንኩ።

«አያውቅም» አለች ልጅቱ። «ግን አዳራሹ ውስጥ ጥርስ አንስተው ሲያሳዩን፣ ከኋላ የተቀመጥነው የምናየው ጣትዎን ነው።»

«ጣቴን?»

«ጣትዎን ብቻ።»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለዋወጠ። ከመሳቢያ አንድ የማስተማሪያ መንጋጋ ጥርስ አውጥተው ሰጧትና፣ «ያዢው» ብለው ራሳቸው ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ሄዱ፤ ኮሪደሩ አውሮፕላን ያስነሳል።

«ስንት ሥር አለው፣ ዶክተር?» አለች በተከፈተው በር።

«ከፍ አድርጊው።»

ከፍ አደረገችው። አንገታቸውን አሰገጉ። ቀስ ብለው ተመለሱና መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ «ለካስ ይህን ሁሉ ዘመን ጣቴን ሳስተምር ኖሬያለሁ» አሉ።

እሷም ስልኳን ከፍታ አሳየቻቸው። ያው መንጋጋ ዱባ አክሎ ይታያል፤ ድምፁም የራሳቸው ነው። የሥሮቹን አቅጣጫ ቢጠይቋት አንድ በአንድ መለሰች።

«በይ አሁን በእኚህ ሰውዬ አፍ ውስጥ አሳዪኝ» አሉና ትንሿን የአፍ መመርመሪያ መስታወት ሰጧት። አዘንብላ ያዘችውና ደህናውን ጥርሴን ቋ አደረገችው። መምህሩ የእጇን አንጓ ያዝ አድርገው አቀኑላት።

«ይኸኛው በስልክ አይመጣም።»

«አይመጣም፣ ዶክተር። ንግግሩን ቤታችን እንስማው፤ እርስዎን ግን እዚህ፣ ወንበሩ አጠገብ እናግኝዎት።»

መምህሩ መንጋጋውን ወደ መሳቢያው መለሱት። «ትፈተኛለሽ» አሉ በመጨረሻ። «ከእንግዲህ ንግግሬን አስቀርጻለሁ፤ የአዳራሹን ሰዓት በየቡድኑ እዚህ እንሠራበታለን። የእናትሽ ቀን ሲሆን ከሌላው ቡድን ጋር ግቢ። እጅሽን ሳላይ ግን አላሳልፍሽም።»

አንባቢዬ ሆይ፣ ጥቅሙን ተመልከት። አስታማሚ ከትምህርቱ አይጎድልም፤ ያልገባው ሳያፍር ደጋግሞ ይሰማል፤ መምህሩም ያንኑ ቃል ሲደጋግም ከመዋል ድኖ የተማሪውን እጅ ያቃናል። የኛ የሕመምተኞች መንጋጋም ባልሰለጠነ እጅ አይፈርስም። ይህን በዚያች ሰዓት ብናገር ኖሮ አገር ያጨበጭብልኝ ነበር፤ ጥጡ ነው የከለከለኝ።

ልጅቱ እጅ ነስታ ልትወጣ ስትል መምህሩ ጠሯት።

«እናትሽ አጠገብ ሆነሽ ስትሰሚኝ ድምፄን ቀነስ አድርጊው። እጥበት ያደክማል፤ ትተኛበት።»