ለቅሶ ላይ ሳለሁ ስለተከፈለው ቼክ

የግል ተበዳይና ምስክር፦ ወ/ሮ ሱልጣና ኢክረማ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የቡና ንግድ
አድራሻ፦ መቱ ከተማ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 18 ቀን 2010 ዓ.ም.

አፋን ኦሮሞም እችላለሁ፤ በምርጫዬ ቃሌን በአማርኛ እሰጣለሁ።

በዚህ ሳምንት ሰኞ ጠዋት፣ ከያዮ ቡና ላመጣልኝ የአይሱዙ ሹፌር ለነመራ የጭነት ሒሳብ የስምንት ሺህ ብር ቼክ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፌ ሰጠሁት። እኩለ ቀን ላይ ታናሽ ወንድሜ ጎሬ ከተማ ውስጥ መሞቱን ተረዳሁ። ቀብረን ተመልሰን መቱ በሚገኘው ቤቴ ድንኳን ተጣለ።

ረቡዕ ወደ ማታ ሒሳቤ ያለበት ባንክ ካሸር ገለኔ ልታስተዛዝነኝ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ፣ «እትዬ፣ ብሩን ለነመራ ሰጥቼዋለሁ፤ ለድንኳኑም ለእንግዳውም ይበቃዎታል» አለችኝ። የምን ብር ስላት ሰማንያ ስምንት ሺህ አለች። እንባዬ እዚያው ደረቀ።

ባንኩ ከፍ ያለ ቼክ ሲቀርብለት ለባለ ሒሳቡ ደውሎ ሳያረጋግጥ አይከፍልም። ለእኔም ሁልጊዜ ይደውላሉ። ለምን እንዳልደወለች ብጠይቃት፣ ነመራ «ሐዘን ላይ ናቸው፣ ለለቅሶው ወጪ ነው» እንዳላትና በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ገንዘብ መደወል ነውር እንደመሰላት እያለቀሰች ነገረችኝ። አመንኳት። ነመራ ግን ብሩን ከወሰደበት ቀን ጀምሮ ስልኩን ዘግቷል፤ መቱም የለም።

ሐሙስ ጠዋት የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ኩመራ ድንኳኑ ድረስ መጥቶ ነፍስ ይማር ካለ በኋላ ቼኩን አሳየኝ። «ሰማንያ» የሚለው ቃልና ከቁጥሩ ፊት ያለው 8 በጥቁር ቀለም ተጨምረዋል፤ ከሩቅ ይታያል። እሱ ግን ክፍት ቦታ የተውኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የእኔ ነው የሚል ወረቀት አውጥቶ ፈርሚ አለኝ። ካልፈረምኩ ገንዘቡ ከገለኔ ደመወዝ እንደሚቆረጥ ነገረኝ። በጣም ተናደድኩ። ሐዘኔን አክብሮ ያልደወለ ባንክ፣ ለማስፈረም ድንኳኑ እስኪነሳ እንኳ አልጠበቀም።

አልፈረምኩም። ነመራ ተይዞ ይጠየቅ። ገለኔን አልከስም፤ በእሷ እንጀራም ሊያስፈራራኝ አይችልም። ከሒሳቤ ያለ እኔ ትእዛዝ የወጣውን ሰማንያ ሺህ ብር ባንኩ ራሱ ይመልስልኝ። ፍርድ ቤትም ቢሆን እሄዳለሁ።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ አድምጬዋለሁ፤ እውነት ነው። ለአቶ ኩመራ ወረቀት የከለከልኩትን ፊርማ እዚህ አኑሬአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ም/ሳጅን ዋቁማ በዳሳ
ፊርማ፦ ____________