ሳይመለስ የቀረው የሚስተር ባራክሎ አምፕሊፋየር

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የፋብሪካው ባልደረቦች፤ ዛሬ የጸሎት ቤታችን ድምፅ ማጉያ ስለማይሠራ በባዶ ጉሮሮዬ ነውና የማነብላችሁ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ እባካችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ። ምክንያቱን ቦታው ላይ ስንደርስ ትሰሙታላችሁ።

ሚስተር ኧርነስት ባራክሎ ከአባታቸው ከሚስተር ጆስ ባራክሎና ከእናታቸው ከሚስስ ሃና፣ እ.ኤ.አ. በ1921 በዚህችው በሄዘርክላፍ፣ ከወንዙ ማዶ በሸማኔዎቹ ሰፈር ተወለዱ። እናታቸው ከልጅነታቸው ጀምረው በሱፍ ፋብሪካው ማሽኖች መካከል ሲሠሩ ጆሯቸው በመድከሙ፣ በቤት ውስጥ የሚነጋገሩት ከንፈር እያነበቡ ነበር። ሬዲዮ ሲከፈትም ሌላው ሲስቅ አይተው አብረው ይስቁ ነበርና፣ ይህ አንጀታቸውን የበላው ኧርነስት ገና ተማሪ ሳሉ የወዳደቀ የሬዲዮ ዕቃ ለቃቅመው ድምፅ የሚያጎላ ሳጥን ሠሩላቸው። ሳጥኑ ለእናታቸው መዝሙር አሰማ፤ ወዲያው ደግሞ ጭስ አወጣ። እናት በደስታ ሲያለቅሱ አባት ባልዲ ውኃ ይዘው እየሮጡ ገብተው፣ “ይህ ልጅ ወይ ያከብረናል፣ ወይ ያቃጥለናል” አሉ ይባላል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሬዲዮ ጥገና አገልግለው ከተመለሱ በኋላ፣ ባዶ የሱፍ መጋዘን ተከራይተው ባራክሎ የተሰኘውን የአምፕሊፋየር፣ ማለትም የድምፅ ማጉያ፣ ፋብሪካ አቋቋሙ። የመዳብ ሽቦ ለመጠምጠም የተቀጠሩት ሚስስ ዊኒፍሬድ ከሥራቸው ጥራት የተነሣ ከዓይናቸው አልጠፋ ብለው፣ በዚህችው ጸሎት ቤት ጋብቻቸውን ፈጽመው አንዲት ልጃቸውን ሞሪንን ወለዱ። ፊቱ አረንጓዴ የሆነው፣ ሁለት ሰው የሚያነሣው ያ አምፕሊፋየር ከለንደን አልፎ እስከ ቶኪዮ ስሙ ቢጠራም፣ እሳቸው ሙገሳ ሲሰሙ መግቢያ ቀዳዳ ይጠፋቸው ነበር። ጭንቀታቸው ሁሉ ለአምፕሊፋየሩ ኃይል በሚሰጠው የሽቦ ጥምጥም፣ በትራንስፎርመሩ ላይ ነበር፤ ሽቦው ቫርኒሽ ውስጥ ከተነከረ በኋላ በምድጃ ውስጥ በዝግታ ካልደረቀ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም፤ “ያልደረቀ ትራንስፎርመር ያልታረቀ ጠብ ነው፤ ቀን ጠብቆ ይነሣል” ይሉ ነበር።

እንደምታውቁት በየበጋው የከተማችን ፋብሪካዎች በአንድ ቀን ተዘግተው ሕዝቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ባሕር ይወርዳል። በአንዱ ዓመት የዕረፍቱ ባቡር ሊነሣ ሲል ለለንደን የታዘዘው ዕቃ ገና ምድጃ ውስጥ ነበር፤ ሴቶቹም ሻንጣቸውን ይዘው፣ ልጆቻቸውን አሰልፈው በር ላይ ቆመዋል። የጥምጠማ ክፍል ኃላፊዋ ሚስስ ዶሪስ፣ “ኧርነስት፣ ባቡሩ ያንተን ምድጃ አይጠብቅም እኮ! ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ባሕር ባሕር ሲሉ ነው የከረሙት” ቢሏቸው፣ ለልጅ ሆደ ቡቡ ነበሩና ያን አንድ ጊዜ ብቻ ምድጃውን ያለ ጊዜው አጠፉት። ከዕረፍት ሲመለሱ ትራንስፎርመሮቹ ከላይ ሲነኳቸው ደርቀዋል፤ ስለዚህ ተገጣጥመው ወጡ።

በዚያው መኸር ሚስስ ዊኒፍሬድ በድንገት አረፉ። ሐዘኑ ሳይወጣላቸው፣ በክረምቱ ሊድስ ከተማ ውስጥ አንዱ አምፕሊፋየር ተቃጥሎ አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ ለጥቂት አመለጠች። ሚስተር ባራክሎ ሄደው የጠቆረውን ግድግዳ በዓይናቸው አዩ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤታቸው ወጣ። በዚያ ቀን ከምድጃው የወጣውን ሁሉ በየቁጥሩ አስመልሰው፣ እያንዳንዱን በራሳቸው እጅ ለወጡ። አንዱ ብቻ አልተመለሰም፤ የት እንደደረሰም የሚያውቅ አልተገኘም።

እንግዲህ የቀረው ዕድሜያቸው በዚያ በአንዱ ዙሪያ ያለቀ ነው። የእሳት አደጋ መኪና ሲያልፍ፣ የማን ቤት እንደሆነ ሳያረጋግጡ ከመስኮቱ አይነሡም። ከቶኪዮ እጃቸውን ሊጨብጥ ለመጣ ደንበኛ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው፣ “ያንተ ቁጥሩ ስንት ነው?” የሚል ነበር። አንድ ትልቅ ኩባንያ ፋብሪካውን ሊገዛ መጥቶ፣ በየማስታወቂያው ግርጌ የሚወጣው የፍለጋ ጥሪ እንዲቀር ቢጠይቅና “የድሮ ጉድ ማን ያስታውሳል?” ቢላቸው፣ “እኔ” ብለው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ሞሪን፣ “አባዬ፣ ይኼኔ ተጥሎ ይሆናል” ስትላቸውም፣ “ይሆናል እሳት አያጠፋም፣ የኔ ልጅ” ይሏት ነበር።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት እዚሁ ጸሎት ቤት ተቀምጠው ከስብከቱ ሥር እምም የሚል ድምፅ እንደሚሰሙ ለአገልጋያችን ለሚስተር ክሌግ ደጋግመው ነግረዋቸው ነበር። ሚስተር ክሌግም፣ “ኧርነስት፣ ዛሬ እሁድ ነው፤ ፋብሪካህን ደጅ ትተህ ግባ” ይሏቸው ነበር፤ ሁላችንም እንስቅ ነበር። ከዚያ የልብ ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ፤ ሞሪን በገባች ቁጥር “ተገኘ?” እያሉ ሲጠይቋት ሰንብተው፣ ባለፈው ማክሰኞ በሰባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ትናንት ሞሪንና ሚስተር ክሌግ ለዛሬው ሥርዓት መዝሙር ሊያዘጋጁ፣ ቁልፉ ከጠፋ የቆየውን ከመድረኩ ደረጃ ሥር ያለ ቁምሳጥን ሰብረው ከፈቱ። ስብከቱን ሲያጎላልን የኖረው ዕቃ ፊቱ አረንጓዴ ነው፤ ቁጥሩም ያ የጠፋው ቁጥር ነው። ከጀርባው ያለው ሳንቃ ከስሎ ነበር። ሚስተር ክሌግ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እሳቸው ገና ወጣት ሳሉ ሚስስ ዊኒፍሬድ፣ ሊያርፉ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ከባድ ዕቃ አሸክመዋቸው እዚህ አምጥተው፣ “ለመከር በዓል ለጸሎት ቤቱ የሚሰጥ ስጦታ ነው፤ ኧርነስት ምስጋና ያሳፍረዋልና አደራ፣ ቀኝ የሰጠውን ግራ አይወቅ” ብለው ለቀድሞው ሰባኪ አስረክበው ነበር። ሰባኪው ከግድግዳው ማብሪያ ጋር አገናኝተው፣ ቁምሳጥኑን ቆልፈውበት፣ ምስጢሩን ይዘው ሞቱ። ሚስተር ክሌግም ብርድ ልብሱን ገልጠው አላዩም ነበር። እኛም እሁድ እሁድ ከነልጆቻችን ከፊቱ እንቀመጥ ነበር፤ የሚሰማውም የሚጨነቀውም እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሚስተር ባራክሎ ልጃቸውን ሞሪንን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ይህን የማነብላችሁን የወንድማቸውን ልጅ አይሪንንና እስከ ዛሬ ምድጃውን ያለ ጊዜው የማያጠፉ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። የእናታቸውን ጆሮ የከፈተላቸው አምላክ፣ በሕይወት ሳሉ ያጡትን ዕረፍት በቤቱ ይስጣቸው፤ ለሞሪንም ብርታቱን ያድልልን።

አጎቴ፣ ተገኝቷል። ሞሪን የኤሌክትሪክ ገመዱን በገዛ እጇ ነቅላዋለች። አሁን ይተኙ።