አላውቃትም ያለችኝ ልጅ

— ሄሎ… አቤት እቴቴ… እኔው ነኝ። … ድምፄ ተዘግቶ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ስለፈልፍ ውዬ። … አይ፣ ገና ቢሮ ነኝ። ልጆቹ ሄደዋል። የቀረነው እኔና የጽዳት ሠራተኛው ነን።

— ደረሰሽ የትምህርት ቤቱ መልእክት? … ማን አነበበልሽ? … የላይኛው ቤት ጡረተኛ? እሳቸው ደግሞ የሰው መልእክት ለማንበብ ሲሆን መነጽራቸው አይጠፋባቸውም። … እሺ። … አዎ፣ «እናዝናለን» ነው የሚለው። በትክክል አንብበውልሻል።

— አልተሳሳቱም እቴቴ። … አዎ፣ የኛዋን ሚጢጢ ነው። የልጅ ልጅሽን። … አዎ፣ አልተቀበሏትም።

— ሄሎ? … አለሁ፣ አለሁ።

— «አንቺ እያለሽ!» … ይቺን ቃል እንደምትያት አውቄ ነው ከሰዓቱን ሙሉ ስልኩን በፊቱ ደፍቼ ያስቀመጥኩት። … አዎ፣ እኔ እያለሁ።

— አውቃለሁ። … አውቃለሁ እኮ እቴቴ፣ ለኔ አትንገሪኝ! አሁን የምትማርበት ሰባ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ነው፣ ከኋላ ወንበር። አስተማሪው ሲጠራት ስለማትሰማ «ፈዛዛዋ» እንደሚሏት አውቃለሁ። ግራ ጆሮዋ እንደማይሰማ መጀመሪያ ያወቅኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? … እዚህ አሥራ አምስት ሆነው ነው የሚማሩት። ፊት ትቀመጥ ነበር። … ይቆጨኛል እንጂ! ለምን አይቆጨኝም?

— አልተቆጣሁም። ደክሞኝ ነው። … ጠዋት አንዷ እናት የልደት ኬክ ይዛ መጣች። የኬክ ደንብ አለን፤ ለውዝ ያለበት ነገር ይህን በር አያልፍም፣ የሚያሳብጣቸው ልጆች አሉ። እሷ «ምንም ለውዝ የለበትም» እያለች ትምላለች፣ ለውዙ ኬኩ ላይ ተደርድሮ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። … ሳቂ፣ ሳቂ። ከዚያ ደግሞ ቅማል። … አዎ፣ ቅማልም ደንብ አለው እዚህ ቤት! ልጁ ወደ ቤቱ ይላካል፣ ግን ማን እንደሆነ ማንም ማወቅ የለበትም፣ ግን ለወላጅ ሁሉ ማስታወቂያ ይሄዳል። አስቢው እንግዲህ፣ አንድ ልጅ ብቻ ከክፍል ጠፍቶ። … ምን ይደረግ፣ ከየአገሩ የመጣ ልጅ አንድ ጣራ ሥር ሲውል ያለ ደንብ አይሆንም። አንዱ ቤት ነውር የሆነው ሌላው ቤት ሰላምታ ነው። ደንቡን የምጽፈው እኔ፣ የምሰደበውም እኔ።

— ምን አልሽ? … «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።» … እውነትሽን ነው። ታዲያ እኔ የትኛው ነኝ፣ ሞኙ ነኝ ወይስ ወረቀቱ?

— ጋሼ፣ ኮሪደሩን ያስቀድሙልኛል? … እኔ እስክጨርስ። … እግዜር ይስጥልኝ። … ላንቺ አይደለም እቴቴ፣ ለጽዳቱ ጋሼ ነው።

— እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ግን እንዳታቋርጪኝ። … ገና ሳልጀምር አቋረጥሽኝ እኮ!

— ልጅ የሚቀበል ኮሚቴ አለ። አምስት ነን። ዳይሬክተሩ፣ የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ፣ ነርሷ፣ የወላጆች ተወካዩ፣ አምስተኛዋ እኔ። ነፃ የትምህርት ቦታው አንድ ነው፤ በእሱ ላይ ድምፅ እንሰጣለን። ደንቡ ምን ይላል፣ ከመሃላችን የልጁ ዘመድ የሆነ ሰው ካለ ከክፍል ይወጣል። አይናገርም፣ ድምፅም አይሰጥም። … አዎ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። … ለምንማ? ዓምና ተወካዩ የወንድሙን ልጅ በጓሮ በር አስገብቶ፣ ስንት የተሻለ ልጅ ውጭ ቀረ። ተናድጄ ጻፍኩት። አንቺም «ደግ አደረግሽ» ብለሽኝ ነበር። … ብለሻል። … እንግዲህ ረስተሽው ይሆናል።

— ዛሬ እኔ ስወጣ አራት ቀሩ። ሁለቱ ትግባ አሉ፣ ሁለቱ አይሆንም አሉ። እኩል ለእኩል ከመጣ ልጁ አልገባም ማለት ነው። … እሱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት። … እቴቴ፣ ዛሬ የሚያሾፍብኝ ሰው አላጣሁም፣ አንቺ እንኳ ተዪኝ።

— እኔማ በምን ልወቅ እሷ መሆኗን! አመልካች በቁጥር ነው የሚጠራው፣ ስም አናይም። … አዎ። … አዎ፣ የቁጥሩንም ነገር እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ በቃ! ለኔ አልነገርሽኝም፤ ከጡረተኛው ጋር ተማክራችሁ ማመልከቻውን አስገባችሁ። በሩ ሲከፈት ሚጢጢ ነጭ ካልሲዋን ጉልበቷ ድረስ ስባ ገባች።

— «ታዲያ ዘመድ መሆንሽን ማን ነገራቸው?» … እኔ። … እኔ ራሴ ነኝ እቴቴ። … ቀስ በዪ። ቀስ፣ ግፊትሽ እንዳይነሳ። … አዎ፣ አንቺ እንዳስተማርሻት ነው ያደረገችው። አንድም አላጎደለች።

— እንዴት አድርጋ ማለት… ትንሿ ቢጫ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። አስተማሪዋ በቀኝ በኩል ተቀመጠችላት። «እዚህ ቤት የምታውቂው ሰው አለ?» አለቻት። ለማጫወት ነው፤ ልጅ እንዳይፈራ ሁሉንም እንዲህ ይሏቸዋል። ዞር ዞር ብላ አየች። አንድ በአንድ። እኔ ጋ ስትደርስ ዓይን ዓይኔን እያየች «የለም» አለች። «ይቺን መነጽር ያደረገችውንስ?» ስትላት «አላውቃትም።» … ቅዳሜ ቅዳሜ አልጋዬ ላይ፣ እግሯን ሆዴ ላይ ጭና የምታድር ልጅ።

— ጎበዝ ናት። … ጎበዝ ናት አልኩሽ እኮ፣ ማን ካደ? ያደከመኝስ እሱ አይደል?

— ዝም ብዬማ ነበር! እስክሪብቶ ይዤ ወረቀት ላይ ክብ እሠራለሁ፣ ክብ በክብ ላይ። ልቤ «ትግባና ሌላው ኋላ ይታያል» ይለኛል። ያ ሁሉ ደንብ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። እንዲያው ዝም ብዬ ልጨርሰው ነበር። … ምን ነካኝ? ሥዕሉ ነዋ።

— ሥዕል ያስሏቸዋል። «ቤተሰብሽን ሳዪልን» አሏት። አንቺን ሳለች፤ ትልቅ አድርጋ፣ ከነሻሽሽ። እናቷን ሳለች፣ የፋብሪካውን ቆብ እንዳደረገች። ድመቷንም። ከዚያ ሌላ ሰው ጀመረች፤ ረጅም ሰው፣ ቦርሳ የያዘ። … እኔን ነዋ! መነጽሬን መሳል ስትጀምር ቀና ብላ አየችኝና ደንገጥ አለች። እርሳሱን አስቀመጠች። «ላጲስ አላችሁ?» አለቻቸው።

— ላጲስ። … ሰጧታ። … አጠፋችኝ እቴቴ። ምላሷን በከንፈሯ መሃል አውጥታ፣ ረጋ ብላ፣ ከእግሬ ጀምራ። ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ። የላጲሱን ፍርፋሪ በእጇ ጠራረገችና «ጨረስኩ» አለች።

— እህ… ምንም፣ ጉንፋን ነው። … አላለቀስኩም።

— እሷን ካስወጧት በኋላ ተነሳሁ። «አክስቷ ነኝ፤ ያጠፋችው እኔን ነው» አልኳቸውና ወጣሁ። … ምን ላድርግ? ተቀምጬ ልቁጠረው፣ ስንት ሰው ፊት እንደማታውቀኝ? … ኮሪደር ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላለች፤ አንቺ የውጭው በር ላይ ነበርሽ። ልቅፋት ጎንበስ አልኩ። እጇን ዘርግታ እንደ ትልቅ ሰው ጨበጠችኝ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ደህና ዋሉ» አለችኝ። አንቱ አለችኝ! … አትሳቂ። … እየሳቅሽ ነው ወይስ… እሺ።

— ሁለቱ ለምን እምቢ አሉ? … እሱን ተዪው። … በጆሮዋ አይደለም። በጆሮዋማ ነርሷ እንዴት አድርጋ እንደተከራከረችላት! … ተዪው አልኩሽ። … እቴቴ፣ ሲቆይ ይረሳሻል፣ ምን ያደርግልሻል ማወቁ?

— እሺ፣ ካልሽ። «አስጠንተዋት ነው የመጣችው» አሉ። «አክስቷን አላውቃትም ካለች፣ ሌላውስ መልስ የራሷ መሆኑን በምን እናውቃለን?» … ይኸው ነው። ዳይሬክተሩ ነው ኋላ የነገረኝ። … አንባቢ ናት፣ ቁጥርም ታውቃለች፣ ሁሉም አይተዋል። ያቺ አንዲት ቃል ናት።

— እንዲያው «አክስቴ ናት» ብትል? … እኔ ወጥቼ አራቱ ያዩዋት ነበር። … ትገባ ነበር መሰለኝ። … እኔ እንጃ፣ መሰለኝ ነው የምልሽ።

— ሄሎ? … እቴቴ? … ትሰሚኛለሽ? … ሄሎ?

— አታልቅሺ። … በእናትሽ አታልቅሺ፣ ጎረቤት ይሰማሻል። … አውቃለሁ። … አውቃለሁ ክፉ አስበሽ እንዳልሆነ። ራት ላይ «ዘመድ ከመጣ ከክፍል እወጣለሁ» ብዬ ጉራዬን ስነዛ የነበርኩት እኔ አይደለሁም? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አንቺ ሰማሽ፣ «እሷ ከወጣች ማን ይቆምላታል?» አልሽ። ዘመድ ካልሆነች አትወጣም ብለሽ አሰላሽው። … ገብቶኛል እኮ። እኔ እንድቀመጥላት ብለሽ ነው። እንዳንቺ ያለ ጭንቅላት ኮሚቴው ውስጥ ቢኖር ኖሮ የትና የት በደረስን።

— «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ።» … አዎ። … እኔም ከአመዱ አልወጣሁም፣ አይዞሽ። ዛሬም ውዬበታለሁ።

— ይግባኝ ማለት ይቻላል። … አዎ፣ ለሱም ደንብ አለው፣ አትጠይቂኝ ማን እንደጻፈው። ግን እኔ እጄን አላስገባም። እናቷ ከሥራ ስትወጣ መጥታ፣ እንዲህ ብለን ነበር፣ አስጠንተናት ነበር፣ ትበል። እንዳለ። ጡረተኛውም አያሳምሩት። … እኔ ውጭ እቆማለሁ፣ ኮሪደሩ ላይ። … ቃል አልገባልሽም። … አልገባም እቴቴ። እሺ ሊሉም ይችላሉ፣ ላይሉም ይችላሉ። ባይሆን ላንቺ አልዋሽሽም፣ ለዛሬ የሁላችንም ውሸት በቅቶናል።

— ጉልበትሽንስ እንዴት አደረገሽ? … ቅባቱን ቀባሽው? … አሁን ሂጂና ተቀቢ።

— ማን ነው ከኋላሽ? … አልተኛችም? … ልታናግረኝ? … እሷ ራሷ ጠይቃ? … ስጫት እንጂ! … በቀኝ ጆሮዋ አስይዣት። … በቀኝ እቴቴ፣ ሁልጊዜ ትረሺዋለሽ።

— ሄሎ… ሄሎ የኔ ቆንጆ። … እግዜር ይመስገን፣ እኔ ደህና ነኝ። አንቺስ? … እንዴ፣ አሁንም አንቱ? … አልተቆጣሁሽም። ለምን እቆጣሻለሁ? … ማንም አልተቆጣም። … ሥዕሉ ቆንጆ ነበር። … ድመቷም። ጭራዋ ብቻ ትንሽ ረዘመች።

— ምን አልሽኝ? … ጮክ በዪ የኔ እናት፣ ጋሼ ባልዲ እየጎተቱ ነው አልሰማሁሽም። … «አሁን…» ምን? … አያትሽ ምን ታድርግ? ትስማ፣ ግድ የለም፣ ተናገሪ። … «አሁን አንቺን ማወቅ ይቻላል?»

— ይቻላል። … ይቻላል የኔ ማር። … አይ፣ ማንንም መጠየቅ የለብሽም፤ ለዚህ ደንብ አልወጣለትም። … እዚያም፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይም። … ሰው ቢኖርም። … አዎ፣ ከመንገድ ማዶ ሆነሽ ጮክ ብለሽ ጥሪኝ።

— ቅዳሜ ነዪና ጨርሺው ሥዕሉን። … ወረቀት አለ። እርሳስም አለ። … ላጲስ? … አይ፣ ላጲስ የለኝም። … እሺ። … እሺ እናቴ። … ቻው።