የወይዘሮ ፍሎሬት ቡርዣ ሕይወትና ያልደረቀው ግድግዳ

ወይዘሮ ፍሎሬት ቡርዣ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ኦሜር ቡርዣና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልዲና እ.ኤ.አ. በ1947 ማታን በምትባል ከተማ፣ ከባሕሩ ዳር ባለች አነስተኛ ቤት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመነኮሳይያት ትምህርት ቤት ንባብ፣ ጽሕፈትና ስፌት ተምረው፣ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ወደ ሞንትሪያል በመምጣት በልብስ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ ኋላም እቤታቸው ሆነው የሙሽራ ቀሚስ እየለኩና እያስተካከሉ ኖረዋል።

በ1971 ከአውቶቡስ ሹፌሩ ከአቶ አርማን ፔልቲዬ ጋር ትዳር መሠረቱ። የአብራካቸው ክፋይ ባይኖርም የእኅታቸውን የወይዘሮ ኡጌትን ልጆች፣ ይህን የሚያነበውን ጨምሮ፣ እንደ ልጆቻቸው አሳድገዋል፤ አቶ አርማን ሲያርፉም ወይዘሮ ኡጌት እቃቸውን ጠቅልለው መጥተው እስከ መጨረሻው አብረዋቸው ኖሩ።

ከጋብቻቸው ጀምሮ የተከራዩት ቨርደን ሰፈር ያለውን ምድር ቤት ነው። የቀድሞው አከራይ ጣሪያ ባፈሰሰ ማግስት መሰላል ተሸክመው የሚመጡ ሰው ነበሩ፤ ወይዘሮ ፍሎሬትም ኪራዩን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ይከፍሉ፣ የውጭውን ደረጃ ከበረዶ ያጸዱ፣ የተበላሸ ነገር ሲያዩም ሳይውል ሳያድር ያሳውቁ ነበር። ሁለቱም ግዴታቸውን ስለሚያውቁ ስለ መብት የተነታረኩበት ቀን ትዝ የሚለው ሰው የለም።

እኒያ ሰው ሲሞቱ ቤቱን ሲልቫን ጋርኖ ገዛው። በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ቀለሙን እያሳበጠ ሲወርድ ወይዘሮ ፍሎሬት ደጋግመው ነገሩት፤ እሱ ግን ቧንቧውን ሳይነካ የሻገተውን ነጭ ቀለም አስቀባው። የከተማው ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል አዲስ ቀለም፣ በሄደ በወሩ ደግሞ ያው ጥቁር ጸጉራም ሻጋታ። ከራስጌያቸው እንጉዳይ በቀለ፤ ትራሳቸው ከረፋ፤ ለሙሽራ የተሰቀለ ቀሚስ ጀርባው አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። እኛን ሲወራ እንኳ ያቅለሸልሸናል፤ እርሳቸው ግን ተኝተውበታል።

ሲልቫን ጋርኖ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ፣ አፍንጫውን በሻርፑ ሸፍኖ፣ «እማማ፣ መስኮት ክፈቺ እንጂ። እርጥበቱ እኮ አንቺ ስለምትተነፍሺ ነው የሚመጣው» አላቸው።

«እሺ ልጄ፣ መተንፈስ ሳቆም ይደርቅልሃል» አሉት።

ለሌላ በእጥፍ ሊያከራየው ፈልጎ ውጪልኝ ሲላቸውም፣ የተበላሸው ቧንቧው ሆኖ ሳለ የሚባረሩት እርሳቸው የሚሆኑበት ምክንያት እንዳልገባቸው መልሰው፣ የአከራይና ተከራይ ክርክር ወደሚታይበት ችሎት ሄደው ከሰሱት። ቀጠሮው ለመጪው ወር ነበር። ከሻጋታው የያዛቸው ሳል ግን ቀጠሮውን ቀደመው፤ ሳንባቸው ታሞ ሆስፒታል ገብተው ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ዐረፉ።

ትናንት ማታ አስከሬናቸው ባረፈበት አዳራሽ ይኸው ሰው አበባ ይዞ መጣና፣ ወይዘሮ ኡጌትን አቅፎ ነፍስ ይማር እንዳለ ወዲያው ቁልፉን መቼ እንደሚረከብ ጠየቀ። አሁንም እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ወንበር ተቀምጧልና ይስማ፦ ከሟች ጋር አብሮ የኖረ ሰው በሟች ቦታ ተተክቶ በቤቱ መኖር በሕግ መብቱ ነው። ቁልፉ ወይዘሮ ኡጌት ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ከቀብር መልስ የሚገቡት እዚያው ቤት ነው፤ በቀጠሮውም ቀን ዳኛው ፊት የሚቆሙት እርሳቸው ናቸው።

ከወይዘሮ ፍሎሬት የቀሩት እኅታቸው ወይዘሮ ኡጌት፣ ያሳደጓቸው ሁለት ልጆች፣ በእጃቸው የተሰፋ ቀሚስ ለብሰው የተዳሩ የሰፈሩ ሴቶች፣ እንዲሁም ያ ግድግዳ ናቸው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ደረቅና ብሩህ በሆነ ማደሪያ ያሳርፍልን። መተንፈስ ካቆሙ ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው፤ ጠዋት ወደዚህ ስንወጣ ግድግዳውን በእጃችን ዳሰስነው፤ አሁንም እርጥብ ነው።