የማቲልዳ በርሜል

እኛ አትላንታ በገባን ሰሞን፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው እንግዲህ፣ ኮሌጅ ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ክፍል አጸዳ ነበር፣ እና ማቲልዳ የምትባል የሥራ ጓደኛ ነበረችኝ፣ ዶሚኒካ ከምትባል ትንሽ ደሴት የመጣች። እንደሷ ያለ ሳቂታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ታዲያ አንድ ሴት ልጅ ነበረቻት፣ ልጅቱን በሁለት ዓመቷ ለአያቷ ትታት ነው የመጣችው፣ እና ልጅቱ ስድስት ዓመት ሞላት። "ረስታኛለች እኮ" ትለኝ ነበር ሁልጊዜ፣ "መልኬን ብታይ አታውቀኝም።"

ታዲያ የገና በዓል ሊደርስ ሲል አፓርታማዋ ብሄድ፣ ሳሎኑ መሀል ወደ አገሯ የምትልከውን በርሜል ገትራለች፣ እዚህ ደረቴ ድረስ የሚመጣ። ዙሪያውን ሩዝ፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ የሽቶ ሳሙና፣ ክብሪት ሳይቀር፣ ደግሞ የታሸገ ዓሣ።

"ማቲልዳ፣ አገርሽ ዙሪያው ባሕር አይደለም እንዴ? ለባሕር ዓሣ ትልኪያለሽ?" አልኳት።

እንዲህ ወገቧን ይዛ፣ "ሳቂ አንቺ" አለችኝ። "እኛ ቤት የሚበላውም የሚለበሰውም ከመርከብ የሚወርድ ነው። ያለን ሙዝ ነው፣ ሙዙን ሸጠን ያገኘነውም ለዚያው ለመርከብ ዕቃ ያልቃል። መርከብ ከቀረ ሱቁ ባዶ ነው፣ ከመጣም ዋጋው የእናቴ አቅም አይደለም። የእናቴ ቤት የዓመት አስቤዛ ይኼው በርሜል ነው።"

እኔም "በይ ልርዳሽ" አልኳት። ሩዙን ቦታ እንዳይፈጅ በየትራስ ልብሱ ገለበጥነው። ታዲያ ልትደውል ወጣ ስትል፣ እኔ ሆዬ የሽቶ ሳሙናዎቹን አንስቼ በሩዙ መሀል መሀል ሸጎጥኳቸው። እኛ አገር ሳጥን ውስጥ፣ ልብስ መሀል፣ ሳሙና ይደረግ የለ? ሙያ ማሳየቴ ነው። በርሜሉ ታሽጎ ሄደ።

ከሳምንት በኋላ ብነግራት ፊቷ ተለወጠ። "ሩዙ መሀል? ሩዝ እኮ የአጠገቡን ሽታ ይወስዳል" አለች። አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ። እመኑኝ ልጆች፣ ሁለት ወር ሙሉ ሩዝ አልገዛሁም፣ የሰው ቤት የገና በዓል አበላሸሁ ብዬ።

በመጨረሻ ከእናቷ ካሴት መጣ፣ ድምፅ እየቀዱ ነበር የሚላላኩት፣ እና በእረፍታችን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ቁጭ ብለን ከፈትነው። እናትየዋ በአገሯ ቋንቋ ትናገራለች፣ ማቲልዳ ትተረጉምልኛለች። "ሁሉም ደርሷል፣ ተባረኪ። ሩዙ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ግን አጥበን በላነው። ልጅሽ በርሜሉ ሲከፈት ከሁሉ ቀድማ መጣች። ዕቃው ወጥቶ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች፣ ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየችና፣ 'እማዬስ?' አለች። ከታች ያለሽ መስሏት ነው።"

ማቲልዳ ካሴቱን አጠፋችው። "ከእንግዲህ በርሜል አልሞላም" አለች። ለበርሜሉ የምታውለውን ሁሉ፣ የኦቨርታይሙንም፣ ለትኬት አዋለችው።

"የመኖሪያ ወረቀት የለሽም፣ ከወጣሽ መመለሻ የለሽም፣ ምን ልትበሉ ነው?" አልኳት።

"ሙዝ እንበላለን" አለች።

ፋሲካ ሳይደርስ ሄደች። የሸኘኋት እኔ ነኝ፣ እና አሁንም በኤርፖርቱ መንገድ ሳልፍ ትናፍቀኛለች። እሷ ደፋር ነበረች። እኛ ያንን አልደፈርንም።

"እርስዎስ፣ እትዬ በላይነሽ?" ብሎ ጠየቃቸው ከሚያዳምጡት ልጆች አንዱ።

"እኔማ አገር ቤት ለተውኳት ልጄ ሻንጣ መላኬን ቀጠልኩ" አሉና ሳቅ አሉ። "ልጄ እዚህ ስትመጣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ኤርፖርት ላይ ለይቼ ያወቅኋት በላክሁላት ጃኬት ነው።"