ወፍ የመለሰችው ቃሬዛ

እኔ ወፍ ለማየት ብዬ ከአልጋዬ የምነሣ ሰው አይደለሁም። መስኮቴ ላይ መጥታ ብትንጫጫ እንኳ ጋቢዬን ተከናንቤ የምተኛ ነኝ። ቤዛዊት ግን የድሮ ተማሪዬ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ አእዋፍ ተማረች፤ ተመርቃም ሥራ ፍለጋ ብዙ ተንከራተተች። በመጨረሻ አንድ ቀን ቤቴ መጥታ «ጋሼ፣ የወፍ ጉብኝት ልጀምር ነው። እንግዳ ከመጥራቴ በፊት መንገዱን ይሞክሩልኝ» አለችኝ። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ምን ሰበብ ያቀርባል?

ፍቅሩ የተባለ ሾፌር ሚኒባሱን ይዞ መጣና በማለዳ ተነሣን። ከወልድያ በላይ ካለ የቤተ ክርስቲያን የጽድ ደን ጀመርን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እሷ ግን «ጋሼ፣ ያችን ቅርንጫፍ ይዩ» እያለች በደስታ ትዘላለች። ቀጥለን ወደ ሲሪንቃ ወረድን። እዚያ ሳቢሳ የሚባሉ ነጫጭ ወፎች የሚያርሱትን በሬዎች እየተከተሉ ከተገለበጠው አፈር ትል ይለቅማሉ። መርሳ ስንደርስ የማንጎው ጥላ ውስጥ ስማቸውን የማላውቅ ባለቀለም ወፎች ነበሩ።

«ከደጋ እስከ ቆላ በአንድ ጀምበር!» አለች ቤዛዊት። «ይኸ ሀብት አይደለም፣ ጋሼ?»

«ሀብት ነው» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ጣፍጦኝ ነበር።

ከመርሳ ወጥተን ወደ ሀብሩ ቆላ በሚወርደው የጠጠር መንገድ ጥቂት እንደተጓዝን ቤዛዊት መኪናውን አስቆመች። ከመንገዱ ዳር አንድ ትልቅ ሾላ ቆሟል፤ ግንዱ ላይ ግንደ ቆርቁር ጎጆዋን ፈልፍላለች። መነጽሩን ሰጥታኝ እሷ ወደ ዛፉ ሥር ተጠጋች። ወፏ ከጉድጓዷ ወጣችና ደጋግማ ጮኸች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር፤ ሳላስበው ፈገግ አልኩ።

መነጽሩን ዝቅ ሳደርግ ከቆላው ወደ እኛ ይመጡ የነበሩ ሰዎች አየሁ። ቃሬዛ ተሸክመዋል። ሬሳ መስሎኝ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ሰዎቹ ድንገት ቆሙ፤ ተያዩ፤ ከዚያም ቃሬዛውን አዙረው ወደመጡበት መመለስ ጀመሩ። ቃሬዛው ሲዞር የሴት እጅ ከነጠላው ውስጥ ወጥቶ እንጨቱን ጨበጠ።

በሕይወት ያለች ሴት ናት! ጉልበቴን ረስቼ እየተጣራሁ ሮጥኩ፤ ደረስኩባቸውም።

«እንደምን ዋላችሁ? ምነው ተመለሳችሁ?»

ከፊት የነበሩት ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። አቶ ገዛኸኝ ይባላሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን ዋሉ» አሉ በትሕትና። «ልጄ ደብሪቱ ናት። ምጥ ይዟት ወደ ሐኪም ቤት ይዘናት ወጥተን ነበር። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል ቢሉን በትከሻ ተሸከምናት። መንገዱ ግን እምቢ አለን።»

«ጎርፍ ቆርጦት ነው?»

«ኧረ መንገዱስ ደህና ነው። ወፏ ናት። ከግራ ጮኸች፤ ከግራ ስትጮኽ መንገድ አይቀናም። አልሰሙም?»

መስማቴንስ ሰምቻለሁ። ፈገግ ብዬባት ነበር።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ጎረቤታቸው ኑርሁሴን፣ ላቡን እየጠረገ «አያ ገዛኸኝ፣ አላህን ይፍሩ፤ ልጅቱ እየደከመች ነው እኮ» አለ። ነገር ግን ቃሬዛውን አላዞረም። በዚያ አገር የበሽተኛዋ አባት ሳይፈቅድ ማንም አያዞርም።

ቤዛዊት ሮጣ ደረሰች። የደብሪቱን ፊት አየች፤ ያበጠውን እግሯን ዳሰሰች። «ራስሽን ያምሻል?» ብላ ጠየቀቻት። «ይፈልጠኛል» አለች ደብሪቱ በደከመ ድምፅ። ቤዛዊት ወደ ሽማግሌው ዞራ እጅ ነሣች።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወፏ የጮኸችው እኔ ጎጆዋ ሥር ሄጄ ስለቆምኩ ነው። ጫጩቶች አሏት፤ ፈርታ ነው። ስለ እርስዎ ልጅ የምታውቀው ነገር የለም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺንስ፣ ልጄ፣ ከቀን ሁሉ ዛሬን መርጦ እዛፉ ሥር ያቆመሽ ማን ነው?»

ዕድሜ ልኬን ክፍል ውስጥ መልስ ስሰጥ የኖርኩ ሰው መልስ አጣሁ። መልስ ሲያጣ የሚቆጣ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

«አቶ ገዛኸኝ! በዚህ ዘመን ወፍ እየሰሙ ልጅ መግደል ነውር አይደለም?»

ፊታቸው ጠቆረ። ድምፃቸውን ግን አላነሡም። «ጌታው፣ የማያውቁትን አይናገሩ። እኔ ወፍ የናቅሁበት ቀን ነበረኝ። የዚህች ልጅ እናት ሌላ ፅንስ ይዛ እንዲሁ ምጥ ጠናባት። ወፏ ከግራ ጮኸች፤ እኔም እንደ እርስዎ ምን አገባት ብዬ አለፍኩ። ወንዙን ሳንሻገር ሞተችብኝ። ሕፃኑም ከእሷ ጋር ሄደ። አሁን ደግሞ የቀረችኝን አንዲቱን ለሞት ልስጣት?»

ተሸካሚዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔም በንዴቴ አፈርኩ። ሰውየው ግትር አልነበሩም፤ የፈሩ አባት ነበሩ። የፈራን ሰው ደግሞ በቁጣ መምከር እሳትን በቅቤ ማጥፋት ነው። ደብሪቱ አቃሰተች። ጊዜው እየሄደ ነበር።

ቤዛዊት ቃሬዛው አጠገብ ተንበርክካ የደብሪቱን እጅ ይዛለች። ቀና ብላ በዝግታ ጠየቀች።

«ነፍሳቸውን ይማር። ምጥ የጀመራቸው ዕለት ነበር የወጣችሁት፣ አባቴ?»

«የጀመራት ዕለትማ ወጥተን ነበር። ወፏ መለሰችን።»

«ከዚያስ?»

«በማግሥቱም ወጣን። አሁንም መለሰችን። በሦስተኛው ቀን የሚስቴ ድምፅ ሲጠፋ ነው ልቤ አልችል ብሎ ወፏን የናቅኋት።»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው እንደቆሙ ቀሩ።

«በማግሥቱም መለሰችን…» አሉ እንደገና፣ ለራሳቸው። «ሁለት ቀን ቤት አስቀመጥናት።»

ያኔ ደብሪቱ ራሷን ከቃሬዛው ላይ ለማንሣት ሞከረች። «አባዬ፣ የት ነህ?» አለች። «አይታየኝም።»

አቶ ገዛኸኝ በትራቸውን ጣሉት። «አንሷት!» ብለው ጮኹ። «ወደ መኪናው! ፈጠን በሉ፣ ወንድሞቼ!»

ፍቅሩ እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። መርሳ ሐኪም ቤት የደም ግፊቷን ለክተው መርፌ ወጓትና ወዲያው ወደ ወልድያ ሰደዷት፤ አንዲት ነርስም አብራን ተሳፈረች። ሲሪንቃን ስናልፍ ሳቢሳዎቹ እርሻው ላይ ነበሩ መሰለኝ፤ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ሽማግሌው የልጃቸውን እግር እንዳቀፉ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ይላሉ።

ወልድያ ስንደርስ በቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። በሩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ መግለጽ አልችልም፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ባለፈ ቁጥር ሁላችንም ከአግዳሚው ላይ ብድግ እንላለን። በመጨረሻ አንዲት አዋላጅ ወጣች።

«ሁለቱም ደህና ናቸው» አለች። «ሴት ልጅ ናት። የደም ግፊት ነበር። ቤት ቢውሉ ኖሮ አንዳቸውንም አናገኝም ነበር።»

ኑርሁሴን «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ሽማግሌውን አቀፋቸው። እሳቸው ግን ወደ ቤዛዊት ዞሩ፤ እንባቸው በጺማቸው ይወርዳል።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እናቷም ትተርፍ ነበር?»

እኔ ብሆን ዋሽቼ አጽናናቸው ነበር። ቤዛዊት ግን «ትተርፍ ይሆናል፣ አባቴ» አለች። «ያን ጊዜ ግን የነገረዎ ሰው አልነበረም። አሁን እርስዎ የሚነግሩት ሰው አለ።»

ከዚያ በኋላ ደብሪቱ ከአራስነት ተነሥታ ሕፃኗን ስታዝል አቶ ገዛኸኝ እኔንና ቤዛዊትን ቀበሌያቸው ጠሩን። የሰፈሩ ቅሬ የሚሰበሰብበት ቀን ነበር። ቅሬ ክርስቲያኑም እስላሙም ሙቱን አብሮ የሚቀብርበት ማኅበር ነው። አንድ ጎረምሳ ተነሥቶ «ሾላውን ቆርጠን ወፏን እናባርራት» አለ።

«ተው፣ ልጄ» አሉ አቶ ገዛኸኝ ተነሥተው። «ወፏ ጎጆዋን ጠበቀች እንጂ ማንንም አልበደለች። ጥፋቱ የእኛ ነው። አሁን ይህች ልጅ ወፎቻችንን የሚያዩ እንግዶች ልታመጣ ነው፤ ልጆቻችን መንገድ እየመሩ ሥራ ያገኛሉ። ዛፉ ይቁም። ከእንግዲህ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ያለችው ሰው ምጥ እስኪመጣ አይጠብቅ፤ ቀኗ ሳይደርስ መርሳ የእናቶች ማቆያ ወስዶ ያሳርፋት። ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የእግር እብጠት ያየ ደግሞ አይደር፤ ያን ጊዜውኑ ይውሰዳት።»

«ወፏ ከግራ ብትጮኽስ?» አሉ አንድ አዛውንት ከኋላ።

አቶ ገዛኸኝ ወደ አዛውንቱ ዞሩ።

«እስቲ ልጠይቃችሁ» አሉ። «የቅሬው ጥሩንባ ተነፍቶ ሬሳ ተሸክመን ስንወጣ፣ ወፍ ጮኸች ብሎ ከመንገድ የተመለሰ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ሚስቴን ስንቀብርም ማንም ወፍ አላደመጠም። ሬሳ ተሸክመን ያልጠየቅናትን ወፍ፣ ነፍስ ተሸክመን ለምን እንጠይቃታለን?»

በዚያው ዕለት ቅሬው ወሰነ፤ ከቀብር የቀረ እንደሚቀጣ ሁሉ፣ ወላድን ከመንገድ የመለሰም ይቀጣል ተባለ። እጃቸውን ቀድመው ያወጡት እኚያ ከኋላ የጠየቁት አዛውንት ነበሩ።